ሩጫና ይሉኝታ

በቆቃ ከተማ አንድ ጐልማሳ በማለዳ ሲሮጥ የታየ እንደ ሆነ ከኋላው ሦስት ጥያቄ ይከተለዋል። አንደኛው «ምን ሰርቆ ነው?»፣ ሁለተኛው «ማን ሞተበት?»፣ ሦስተኛውም «መኪና አመለጠው እንዴ?» የሚል ነው። «ይህ ሰው ለጤናው ሲል ይሮጥ ይሆናል» ብሎ የሚገምት መንገደኛ እምብዛም አይገኝም። ልጅ ቢሮጥ ጨዋታ ነው፤ ወታደር ቢሮጥ ልምምድ ነው፤ ስፖርተኛ ቢሮጥ ሙያው ነው። ደመወዝ የሚቈጠርለት፣ «አቶ» ተብሎ የሚጠራ፣ በጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ ማኅተም የሚመታ ሰው ሲሮጥ ግን ነገሩ ለተመልካቹ ግራ ይሆንበታል። ይህን የምንጽፈው ከሰው ሰምተን ሳይሆን በራሳችን ላይ ደርሶ ስላየነው ነው።

እንደ ዕውነቱ ከሆነ እንዲህ ያለው አስተያየት ከሌላው አገር ይልቅ በእኛ ዘንድ ሲገኝ የበለጠ ያስገርማል። የኢትዮጵያ ስም በዓለም አደባባይ ከሚጠራባቸው ነገሮች አንዱ ሩጫ ነው። ሯጮቻችን ባሸነፉ ቍጥር እንባችን ይመጣል፤ ሰንደቅ ዓላማችን ሲሰቀል ከወንበራችን ብድግ እንላለን፤ ዜናው ሲያልቅ ደግሞ ተመልሰን እንቀመጣለን። የብዙዎቻችን የሩጫ ወዳጅነት ከዚያች ብድግ ከማለት አያልፍም። በዚህ ጽሑፍ ልናስገነዝብ የምንወደው ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ሩጫ ለጥቂት የተመረጡ ሰዎች ብቻ የተሰጠ ጸጋ አለመሆኑን፣ በጐልማሳነት ዕድሜ የሚጀምረውንም ሰው ከመንገድ የሚያስቀሩት አብዛኛውን ጊዜ እግሩና ሳንባው ሳይሆኑ ችኰላና ይሉኝታ መሆናቸውን ነው።

ቆቃን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ከሞጆ ወደ ባቱና ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት የስምጥ ሸለቆ ከተማ ናት። ቲማቲሙና ሽንኵርቱ በጭነት መኪና ይጫንባታል፤ የሐይቁ ዓሣ በመንገድ ዳር ይሸጥባታል፤ ከረፋዱ ጀምሮም ፀሐይዋ ትበረታለች። ገበሬው በማሳው፣ የቀን ሠራተኛው በሣጥን ሸክሙ፣ ነጋዴው በገበያው ሲንቀሳቀስ ይውላል። ከጧት እስከ ማታ ቁጭ ብሎ የሚውለው እኛን የመሰለው ደመወዝተኛ ነው።

እኛ ሦስት የመሥሪያ ቤት ጓደኛሞች በዚህች ከተማ ቤት ተከራይተን የምንኖር ነን። ሩጫ ስንጀምር ዕድሜያችን 31፣ 34 እና 38 ነበረ። ከዕለታት አንድ ቀን ለሠራተኞች የጤና ምርመራ ሲደረግ ሦስታችንም ተሰለፍን፤ ሰልፉ አጭር ስለ ነበረ እንጂ አሞን አልነበረም። ሲስተሯ የመጀመሪያውን ክንድ አስራ ለካች፤ ዝም አለች፤ እንደገና ለካች። ከሦስታችን የሁለታችን የደም ግፊት ከልክ በላይ ሆኖ ተገኘ። «ወንድሞቼ፣ ለመሆኑ ቀኑን እንዴት ነው የምታሳልፉት?» ብላ ጠየቀችን። እኛም ሳንደብቅ ቈጥረን ነገርናት፤ ጧት በባጃጅ ወደ ሥራ፣ ቀኑን ሙሉ በወንበር፣ ማታ በባጃጅ ወደ ቤት፣ ከዚያም ቡና፣ ካርታ ወይም ቴሌቪዥን። «ታዲያ በእግራችሁ የምትሠሩበት መቼ ነው?» አለችን። መልስ አልነበረንም።

የደም ግፊት ክፋቱ ብዙውን ጊዜ አለማሳመሙ ነው። ሰውየው ይሠራል፣ ይበላል፣ ይስቃል፤ ውስጥ ለውስጥ ግን ልቡ፣ አንጎሉና ኵላሊቱ ይጐዳሉ። እርሱና የስኳር በሽታ ዱሮ የሽማግሌና የባለጸጋ ደዌ ይባሉ ነበር፤ ዛሬ ግን በሠላሳዎቹ ዕድሜ ባለው ደመወዝተኛም ላይ ይታያሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ዐዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። እኛ የራሳችንን ስንደምረው በሳምንት ግማሽ ሰዓት አልሞላም። በዚህ ምክንያት በማግሥቱ ጧት ሩጫ ለመጀመር ተማማልን።

የመጀመሪያው ቀን ነገራችን የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነበር። ከመካከላችን ታላቁ ባልንጀራችን በተማሪነቱ ጊዜ የትምህርት ቤቱ የ1,500 ሜትር ሯጭ ነበረ። ያን ዘመን አስታውሶ ከደጃችን እንደ ተወረወረ ድንጋይ ተፈተለከ። እኛም ላለመዋረድ ተከተልነው። አራተኛው የመብራት ምሰሶ ዘንድ ስንደርስ አንዳችንን ጎኑን ውጋት ያዘው፤ ሌላችን ጕልበቱን ይዞ አጐንብሶ ቀረ። ታላቁ ባልንጀራችን ግን በትዝታ ብርታት እስከ ከተማው ዳርቻ ዘለቀ። በማግሥቱ ከአልጋው ሲነሣ ግድግዳ እየደገፈ ነበር። እንዲህም ሆኖ በሦስተኛው ቀን ሮጠ፤ በአምስተኛውም ደገመ። በሁለተኛው ሳምንት ቅልጥሙን አመመውና «ሩጫ ለእኔ አልተፈጠረም» ብሎ ተወው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው። የሚያሳዝነውም የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ከተገኙት ከሁለቱ አንዱ እርሱ መሆኑ ነው።

ይህ የሆነው በስንፍናው አይደለም፤ የአካል ጠባይ ስለ ሆነ ነው። አዲስ ሰው ሩጫ ሲጀምር ልቡና ሳንባው ፈጥነው ይለምዳሉ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ትንፋሹ እየሰፋ መምጣቱን ራሱ ያውቀዋል። ጅማትና አጥንት ግን ዘገምተኞች ናቸው፤ አዲሱን ሸክም ለመልመድ ወራት ይፈልጋሉ። ትንፋሹ «ሂድ» ሲለው ቅልጥሙ «ቈይ» ይለዋል፤ ብዙ ጀማሪ የሚጐዳውም በዚሁ መካከል ነው። ከዚህም በላይ ለዓመታት በወንበር የቈየ አካል የተማሪነት ዝናውን አያስታውስም፤ የሚያውቀው በቅርብ ጊዜ የሠራውን ብቻ ነው። ስለዚህ በወጣትነቱ ሯጭ የነበረ ሰው ከማንም ይልቅ መጠንቀቅ ይገባዋል፤ ልቡ የሚያዝዘውን እግሩ አይችለውምና።

በአጠገባችን ያለው የቆቃ ግድብ ለዚህ ነገር ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። እ.ኤ.አ. በ1960 የተጠናቀቀው ይህ ግድብ የአዋሽን የክረምት ውሃ አጠራቅሞ በልክ እየለቀቀ በሦስት ተርባይኖች 43.2 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ ሆኖ የተሠራ ነው። የተጠራቀመው ውሃ ሁሉ በአንድ ቀን ቢለቀቅ ጎርፍ እንጂ መብራት አይሆንም። የጀማሪም ጕልበት እንዲሁ ነው።

ባልንጀራችን «ለእኔ አልተፈጠረም» ያለው ቃል የእርሱ ብቻ አይደለም። «ሩጫ የአርሲ ደጋ ሰው ነገር ነው» የሚል ብዙ ሰው በከተማችን አለ። በርግጥ ከአዳማ ወደ አሰላና ወደ በቆጂ የሚወጣው መንገድ ወደ ታላላቅ ሯጮች አገር የሚያደርስ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከአርሲ የወጡ ናቸው። በቆጂ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ በዚያ ከፍታ ማደግ ለዓለም ሻምፒዮንነት እንደሚረዳ አይካድም። ይሁንና ለሻምፒዮንነት የሚያስፈልገውና ለጤና የሚያስፈልገው ነገር አንድ አይደለም። ቅኔ ለመቀኘት ሊቅ መሆን ያሻል፤ ለእናት ደብዳቤ ለመጻፍ ግን ፊደል መቍጠር ይበቃል። ደብዳቤ የሚጽፈውን ሰው «አንተ ቅኔ አትችልምና ብዕርህን ጣል» የሚለው የለም። የሚሮጠውን ሰው ግን «አበበ ቢቂላ ልትሆን ነው ወይ?» እንለዋለን።

ስለ አበበ ካነሣን ዘንድ ታሪኩን እንመልከት። ሻምበል አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1932 የተወለደ፣ በልጅነቱ ገና የሚጫወት የገጠር ልጅ ነበረ። በክብር ዘበኛ ተቀጥሮ በአሠልጣኙ በኦኒ ኒስካነን እጅ ሲሠለጥን ዐዋቂ ሰው ነበረ። የመጀመሪያውን ማራቶን የሮጠው በ28 ዓመቱ ገደማ፣ ከሮማው ኦሊምፒክ ጥቂት ጊዜ ቀደም ብሎ ነው። ከዚያም ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በሮማ ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ፈጽሞ አሸነፈ። ሻምበል ማሞ ወልዴም እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ ማራቶኑን ሲያሸንፍ ዕድሜው 36 ነበረ፤ ከአራት ዓመት በኋላ በሙኒክ ሦስተኛ ሲወጣ 40 ዓመት ሆኖት ነበር።

«እነዚህማ አካላቸው የሠለጠነ ወታደሮች ነበሩ» የሚል ቢኖር ዕውነቱን ነው። እንግዲያውስ እንደ እኛ ስላሉት የወንበር ሰዎች እንናገር። በሮማው ማራቶን አበበን ተከትለው የገቡት ሞሮኮአዊው ራዲ ቤን አብደሰላምና የኒው ዚላንዱ ባሪ ማጊ ነበሩ። የማጊ አሠልጣኝ አርተር ሊዲያርድ በጫማ ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ነበረ። እርሱም ቢሆን ሩጫን አጥብቆ የያዘው የሃያዎቹን ዕድሜ ካጋመሰ በኋላ፣ ከአንድ ወዳጁ ጋር ሮጦ ትንፋሽ አጥሮት በራሱ ካፈረ ወዲህ ነው። ይኸው ሰው በ1960ዎቹ መጀመሪያ በኦክላንድ ከተማ ጐልማሶችንና ሽማግሌዎችን፣ የልብ ሕመም ያገኛቸውንም ጭምር፣ በዝግታ እንዲሮጡ ማስተማር ጀመረ። ትምህርቱ ሲጠቃለል ሰውነትን አሠልጥኑት እንጂ አታስጨንቁት የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 መጨረሻ የኦሬጎን ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ የነበረው አሜሪካዊው ቢል ባወርማን ኒው ዚላንድን ሲጐበኝ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ለሩጫ ወጣ። እርሱ ገና በሃምሳዎቹ መግቢያ ላይ ሳለ፣ ከ70 ዓመት በላይ የሆናቸው አንድ አዛውንት መድከሙን አይተው ወደ ኋላ ቀርተው አብረውት እያዘገሙ አደረሱት። ባወርማን በዚህ ነገር ተገርሞ ወደ አገሩ ሲመለስ የዝግታ ሩጫን ለከተማው ሕዝብ አስተማረ፤ ከአንድ ሐኪም ጋር ሆኖም መጽሐፍ ጻፈበት። የሌሎች ሯጮች አሠልጣኝ የነበረ ሰው ራሱ ጀማሪ መሆኑን ለማመን አላፈረም።

ወደ ቆቃ እንመለስ። ባልንጀራችን ከተወው በኋላ የቀረነው ሁለታችን በመሥሪያ ቤታችን በር ላይ ተቀምጠን ስንመካከር፣ ዱሮ ወታደር የነበሩት ዘበኛችን ሰሙን። «ልጆቼ» አሉ፣ «ምን አስቸኰላችሁ? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ምሰሶውን ቍጠሩ፤ አንዱን ሩጡ፣ ሁለቱን ተራመዱ።» ከብዙ ጽሑፍ የማይተናነስ ምክር ሆኖ አገኘነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከአንዱ የመብራት ምሰሶ እስከ ሚቀጥለው እየሮጥን የሚቀጥሉትን ሁለቱን ተራመድን፤ በዚህ ዓይነት ከ20 ደቂቃ አላለፍንም። ቀጥሎ አንድ ለአንድ አደረግነው። በሁለተኛው ወር ሁለት ምሰሶ ሮጠን አንድ መራመድ ቻልን። በሦስተኛው ወር መጨረሻ ሳንቆም 30 ደቂቃ ሮጥን። ያን ቀን የተሰማንን ደስታ የመጀመሪያ ደመወዛችንን በተቀበልንበት ቀን እንኳ አልተሰማንም።

ከዚህ ልምድ ያገኘነውን ለጀማሪ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በአጭሩ እንናገራለን። ሩጫው በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየመካከሉም ዕረፍት ያለበት ይሁን፤ አካል የሚጠነክረው በልምምዱ ብቻ ሳይሆን በዕረፍቱም ነውና። ፍጥነቱን የሚለካው ሰዓት ሳይሆን አንደበት ነው፤ ከጓደኛችሁ ጋር እየተነጋገራችሁ መሮጥ ካልቻላችሁ በዝቷልና ቀንሱት። አንዱ ሳምንት ከከበዳችሁ ወደሚቀጥለው ከመዝለል ያንኑ ሳምንት መድገም ይሻላል። የጡንቻ መዛል የተለመደ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ የሚጠዘጥዝና በእርምጃ የሚብስ ሕመም ግን ዕረፍት የሚጠይቅ ነው። ደረቱን የሚወጋው፣ ራሱን የሚያዞረው ሰው ወዲያውኑ ቆሞ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። የልብ፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

የአየሩም ነገር በቆቃና በአካባቢዋ ባሉት ቈላማ ከተሞች በቸልታ አይታይም። የሮማው ማራቶን ሙቀቱን ለመሸሽ ሲባል ወደ ማታ ተጀምሮ በጨለማ በችቦ ብርሃን የተፈጸመ ነው። የዓለም ምርጥ ሯጮች ከፀሐይ ከሸሹ ጀማሪማ ምን ያህል ሊሸሽ ይገባዋል! ለእኛ የተስማማን ጎሕ ከቀደደ በኋላ ያለው ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት ጨለማውና ጅቡ አለ፤ ከመሸ ደግሞ በሐይቁ ዙሪያ የወባ ትንኝ ይነሣል። ወደ ሐይቁ ዳርቻ ተጠግቶ መሮጥም አይመከርም፤ ጉማሬና አዞ እንዳለበት የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። በዋናው መንገድ የምትሮጡ ከሆነ ከፊት የሚመጣውን የጭነት መኪና እንድታዩት በግራ በኩል፣ ከአስፋልቱ ወጥታችሁ ሩጡ።

ስለ ጫማ ብዙ ሰው ይጠይቀናል። «አበበ በባዶ እግሩ አሸንፎ የለም ወይ?» ይላሉ። አዎን፣ ነገር ግን የአበበ እግር ከልጅነቱ ጀምሮ ባዶውን መሬት የለመደ ነበረ። ደግሞም ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ሁለተኛውን ማራቶኑን ሲያሸንፍ ጫማ አድርጎ ነበር፤ ሰዓቱም 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰኮንድ፣ ማለት ከሮማው በ3 ደቂቃ የፈጠነ ነው። በሌላ በኩል ውድ ጫማ ካልገዛሁ አልጀምርም ማለትም የስንፍና ምክንያት ነው። ከአዳማ ገበያ የተገዛ፣ እግር የማይጨብጥና ሶሉ ያላለቀ ሰልባጅ ጫማ ለአንድ ምሰሶ ሩጫ ይበቃል።

እንግዲህ ችኰላን በዚህ መንገድ እናሸንፈዋለን እንበል። ይሉኝታስ? ዕውነቱን ለመናገር ከቅልጥም ሕመም ይልቅ የከበደን እርሱ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በመንገድ ዳር ዓሣ የሚጠብሱ አንዲት እናት ምጣዳቸውን ትተው ተነሡና «ኧረ ልጆቼ፣ ምን መጣባችሁ?» ብለው ጮኹ። ልጆች እየሳቁ ተከተሉን። በመሥሪያ ቤት «አቶ እገሌ ለኦሊምፒክ እየተዘጋጁ ነው አሉ» የሚል ቀልድ ተነሣ፤ ባለጉዳይ በተሰበሰበበት እየተነገረ ሳቅ ሆነ። ከሁለታችን አንዱ ከዚያ ቀን በኋላ ሰው ሳያየው በጨለማ ልሩጥ ብሎ ነበር። ነገር ግን አንድ ነገር አስተዋልን፤ ሳቁ ከአንድ ወር በላይ አልቈየም። ሰው ያልለመደውን ያይና ይስቃል፤ ሲለምደው ይረሳዋል። እኒያ እናት በሁለተኛው ወር አንድ ጧት ዘግይተን ብንመጣ «ዛሬ ምነው ቈያችሁ? ደኅና አይደላችሁም እንዴ?» ብለው ጠየቁን። ሳቁ የወር ዕድሜ ሲኖረው የደም ግፊት ግን አንዴ ከገባ የዕድሜ ልክ ጓደኛ ይሆናል። የወሩን ሳቅ ሸሽተን የዕድሜ ልኩን ደዌ ብንመርጥ ጥበብ አይሆንም።

በእኛ በወንዶቹ ላይ ይሉኝታ እንዲህ ከከበደ በእኅቶቻችን ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም። አንዲት የሥራ ባልደረባችን እኛን አይታ መሮጥ ጀምራ ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ከባጃጅ ማቆሚያ የተወረወረባት የለከፋ ቃል አስቀራት። እኛን ሲስቁብን ቀልድ ነው፤ እርሷን ሲለክፏት ግን ቀልድ አይደለም። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ፣ ፋጡማ ሮባም በ1996 በአትላንታ በኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ስትሆን፣ የኢትዮጵያ ወንድ ሁሉ ኰርቷል። በባርሴሎናና በአትላንታ ለሮጠችው የሚያጨበጭብ እጅ በገዛ ሰፈሩ የምትሮጠውን የሚያሳፍር አፍ ካለው ኵራቱ ምኑ ላይ ነው? ይህ ነገር የሷን ድፍረት ብቻ የሚጠይቅ አይደለም፤ በአጠገቡ ቆሞ ሰምቶ ዝም የሚለውን የተማረ ወንድ ሁሉ የሚጠይቅ ነው። እኛም በዚያን ጊዜ ዝም ካሉት መካከል ነበርን፤ እናፍርበታለን። ዛሬ ባልደረባችን ከሁለት ጓደኞችዋ ጋር ሆና ትሮጣለች፤ ብቻዋን ግን አሁንም አትወጣም።

«ጊዜ የለንም» የሚሉ አሉ። በሳምንት ሦስት ጊዜ 30 ደቂቃ ሲደመር 90 ደቂቃ ነው፤ ይኸውም የአንድ እግር ኳስ ጨዋታ ጊዜ ማለት ነው። የእንግሊዝን ቡድኖች ጨዋታ በሳምንት ሁለት ሦስቱን ተቀምጦ የሚያይ ወጣት ጊዜ አጣሁ ቢል ማን ያምነዋል? «ሩጫ የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው» የሚሉም አሉ፤ በዚህኛው አባባል ውስጥ ግን ዕውነት አለ። ቀኑን ሙሉ የቲማቲም ሣጥን ሲሸከም ለሚውለው ሰው ሩጡ ብለን አንሰብክም፤ እርሱ የሚያስፈልገው ዕረፍትና በቂ ምግብ ነው። የምንናገረው እንጀራው በወንበር ለሆነው ነው።

በተለይም ለተማሪዎች የምንለው አለን። ብዙ ወጣት በትምህርት ቤት ሳለ ኳስ ይጫወታል፣ ይሮጣል፣ ይዘላል። ዲፕሎማውን ተቀብሎ ወንበሩን ሲረከብ ግን ያንን ሁሉ አብሮ ያስረክባል፤ ደመወዝ የሚያገኝ ሰው መሮጥ የማይገባው ይመስለዋል። በመመረቅና በመጀመሪያው የጤና ምርመራ መካከል ያሉት ዓመታት ሳይታወቁ ያልፋሉ። የሚሮጥ ተማሪ ሥራ ሲይዝ ባያቆም እኛ በሠላሳዎቹ ዕድሜያችን በምሰሶ ቈጠራ የተማርነውን እንደገና ለመማር አይገደድም።

ለከተሞቻችን አስተዳደርም የምናቀርበው ሐሳብ ከባድ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በአዲስ አበባ በ1994 ዓ.ም. 10,000 ሰዎች ይዞ የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ምን እንዳሳየን እናስታውስ፤ ከሚሮጡት መካከል እጅግ የሚበዙት ለመፈጸም እንጂ ለማሸነፍ የሚወጡ አይደሉም፤ የሚሥቅባቸውም የለም፤ ብዙ ናቸውና። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በዋና ከተማችን አንዳንድ መንገዶችን ለእሑድ ጧት ከመኪና ነጻ አድርጎ ለእግረኛ መልቀቅ ተጀምሮ ነበር። አዳማ፣ ሞጆ፣ ባቱና ቆቃ ከየመንደራቸው አንድ መንገድ በወር አንድ እሑድ ለሁለት ሰዓት ያህል ለሚራመድና ለሚሮጥ ሰው ቢለቁ ምን ይጐድልባቸዋል? አብሮ የሚሮጥ ሕዝብ ባለበት ይሉኝታ ቦታ አያገኝም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላልና።

ለውጤቱ ማጋነን አንወድም። ሩጫ ከጀመርን ስምንት ወር ሆነን፤ ሯጮች አልተባልንም፤ ለመባልም አልጀመርንም። የደም ግፊቱ ከፍ ብሎ የነበረው ጓደኛችን መጠኑ ቀንሶለታል፤ ቢሆንም ሐኪሙ ተው ስላላለው መድኃኒቱን ይወስዳል። ደረጃ ስንወጣ ማለክለካችን ቀርቷል፤ እንቅልፋችንም ተሻሽሏል። ከሁሉ በላይ ያስደሰተን ግን ባለፈው ወር ታላቁ ባልንጀራችን በራሱ ፈቃድ መመለሱ ነው። የ1,500 ሜትሩን ዝና ቤት ትቶት መጣ። አንድ ምሰሶ ይሮጣል፣ ሁለቱን ይራመዳል፤ እኛም ስለ እርሱ ስንል ወደ መጀመሪያው ተመልሰን አብረነው እንቈጥራለን።

ይህን ጽሑፍ በዕረፍት ቀናችሁ የምታነቡ ወጣቶች፣ ነገ ሰኞ ነው። ጧት ከደጃችሁ እስከሚቀጥለው የመብራት ምሰሶ ድረስ በዝግታ ሩጡ፤ የሚቀጥሉትን ሁለቱን ተራመዱ። በመንገድ ላይ «ማን ሞተ?» ብሎ የሚጠይቃችሁ ቢኖር «ማንም እንዳይሞት ብለን ነው» በሉት፤ አብሯችሁ እንዲራመድም ጋብዙት።